ሚያርና ቀይዋ መኪና

ጥር 17

ቤተ ክርስቲያን ደጅ እፀገነት ያዘችኝ። የራሷ ሰፈር ወሬ አልበቃ ብሏት ወደ እኔ ዞረች።

"ልጅሽ ተምራ ተምራ ቁጭ አለች እንዴ?"

"ሥራ ላይ ናት።"

"የማን ቤት?"

አቤት ይቺ ሴት! እኔም እዚሁ ከተማ ሪያድ የሚባለው የሀብታም ሰፈር የሰው ቤት ስንት ዓመት ሠርቻለሁ፣ አላፍርበትም። ግን ልጄ የእሽቅድምድም መኪና ትነዳለች ብል... ማን ያምነኛል? ሹልክ ብዬ ሄድኩ።

ጥር 19

አባትና ልጅ ጀብራ ሰፈር ወርሻቸው፣ ጋራዡ ውስጥ፣ ከቀይዋ መኪና ሥር ናቸው። እግራቸው ብቻ ይታያል። ዓርብ የዓመቱ መጨረሻ ውድድር ነው። ልጄ ሚያርና ማዚን የሚባለው የሪያድ ሰፈር ልጅ በነጥብ እኩል ናቸው። ቀድሞ የገባ ዋንጫውን ይወስዳል። ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ሴት እሷ ብቻ!

ባሌ በሺር "ኢንሻላህ" ይላል። እኔ ለእመብርሃን ነግሬያለሁ።

ጥር 21

አስተርእዮ ማርያም። ከቅዳሴ ስመለስ መኪናዋ ደጅ ቆማለች። ሞክረዋት መጥተው ሻይ ሊጠጡ ገብተዋል። ኮፈኗ ክፍት፣ ሞተሩ ገና ትኩስ። ሆኖም እንዴት ቆሽሻለች! ነገ ያ ሁሉ ሰው ሊያያት? ባልዲና ሳሙና አመጣሁ። ውስጧን ሁሉ ሙልጭ አድርጌ አጠብኳት። ኮፈኑን ከድኜ ባልዲዬን መለስኩ። ነገ ሲያዩት ደስ ይላቸዋል።

ጥር 22

ጉዴ ፈላ!

የውድድሩ ሜዳ ከከተማ ውጭ፣ ከሶባ ወዲያ ነው። በጭነት መኪና ወሰድናት። አውርደው ቁልፍ ሲያዞሩ... ጭጭ። በሺር ኮፈኑን ከፈተ። ሞተሩ እንደ ሰሃን ያበራል። ወደ እኔ ዞረ።

"የኔነሽ! ዳ ሽኑ? ምንድን ነው ይሄ?"

"አጥቤው ነው..."

"ሞተሩን?!"

እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ነገር ውስጥ ውሃ ገብቷል። ክዳኑም ትኩስ እያለ ውሃ ስደፋበት ተሰንጥቋል። በማርያም ቀን ሥራ! የእጄን ነው ያገኘሁት። ሚያር አልተቆጣችኝም። "ዩማ፣ አታልቅሺ" አለችኝ። ያኔማ ባሰብኝ።

ማዚን መጣ። የእሱም መኪና ያው ዓይነት ናት። አየና ሄደ። ደስ ብሎት ነው አልኩ በልቤ። ሲመለስ ግን አዲስ ክዳን ይዟል።

"አንተ ማሸነፍ አትፈልግም?" አለው በሺር።

"የቆመች መኪና ቀደምኩ ብዬ ብመጣ እዚህ ድንኳን ውስጥ ማን ፉል ያበላኛል? ያላ፣ ግጠሙት!"

ለካ ልማዳቸው ነው። የአንዱ መኪና እንቢ ካለች ሁሉም ተረባርቦ ያስነሳታል። ፉክክሩ አስፋልቱ ላይ ብቻ ነው። አንዱ መፍቻ፣ አንዱ ጨርቅ ይዞ ከበቧት። ስትነሳ እልል አልኩ፣ ገና ሳትሮጥ።

ውድድሩንማ እንዴት ልጻፈው? አብዛኛውን ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። የመጨረሻው ዙር ላይ በሺር ትከሻዬን ነቀነቀኝ። "እይ እንጂ!" ቀይዋ ከፊት! ማዚን ከኋላዋ ተለጥፏል... ኩርባው ላይ ሊያልፋት ሞከረ፣ አልለቀቀችለትም። ገባች! የእኔ ልጅ! ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ።

ከዚያ ሁሉም በአንድ ትሪ ዙሪያ። ዓርብ ስለሆነ ፉሉን በሰሊጥ ዘይት ብቻ ነው የሠራሁት። ከሪያድ ሥራዬ በቀረኝ ልማድ ቆሜ ላስተናግድ ስል ማዚን ወንበሩን ለቀቀልኝ።

"ኻልቲ፣ አክስቴ፣ የሻምፒዮን እናት አትቆምም።"

ትልቅ ጉርሻ አጎረስኩት። ይገባዋል።

ጥር 23

ባልዲዬ ጠፋ። ሚያር ደብቃው ነው። ይሁን።

ጥር 24

እፀገነት ዛሬም ደጅ ላይ ጠበቀችኝ።

"ኧረ ልጅሽ ምንድን ነው የምትሠራው?"

"መኪና ትነዳለች።"

"ውይ! የማንን?"

ነጠላዬን አስተካከልኩ።

"የራሷን።"

ዋንጫውንም ከዘንቢሌ አወጣሁት። እንዲያው በአጋጣሚ ይዤው ነበር? ኧረ በፍጹም!