የንግሥት ኡራካን ጠባሳ ስላነሡልን

ፔኛሮንዳ፣ ኖቬምበር 17

ይድረስ ለክቡር ዶን ፎርቱናቶ አልባሬዳ፣ የክፍለ ሀገሩ የጥንት ሥዕሎች ጥበቃና እድሳት ቢሮ የበላይ ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ፣ በተለይም እድፉን ከገላ ለይተው ለሚያዩት ባለሙያዎችዎ ዓይን፣ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እኔ ኤውቲኪዮ ሳልዳኛ በፔኛሮንዳ አርባ ዓመት ዳቦ የጋገርኩ ጡረተኛ ነኝ፤ ስለ ሥዕል የማውቀው ነገር ስለሌለ የምጽፈው ሁሉ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በማዘጋጃ ቤታችን ደረጃ ላይ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ የኖረችው የንግሥት ኡራካ የዘይት ቀለም ሥዕል ለእድሳት ወደ እናንተ ሄዳ ሁለት ዓመት ቆይታ ባለፈው ወር ተመልሳልናለች። ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ክፈፉ ያብረቀርቃል። እግዚአብሔር ይስጥልን።

ሁለተኛ፣ ንግሥቲቱን ከእኛ ይልቅ በቅርብ ስለምታውቋት አመሰግናለሁ። ሠዓሊው እንኳ አላወቃትም፤ እሷ ከሞተች ከሰባት መቶ ዓመት በኋላ የተወለደ ሰው ነበርና ፊት ቢቸግረው ሸሚዙን የምታጥብለትን ካሲልዳን ጠርቶ አስቀመጣት። ካሲልዳ የእናቴ አያት ናት። ልብስ ከምትቀቅልበት የአመድ ውሃ ተፈናጥሮ ፊቷን ያቃጠላት ጠባሳ ነበራት። ሠዓሊው ከቆርቆሮ የተሠራ ዘውድ ደፋላት፣ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ አለበሳት፤ ጠባሳዋን ግን እንዳለ ሣለው። በዚያ ሥዕል ላይ እውነት የነበረው እሱ ብቻ ነው ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ሦስተኛ፣ ካሲልዳ በ1885 በኮሌራ ሞተች፤ ከሌሎች ስድሳ ሰዎች ጋር በአንድ ጉድጓድ ኖራ ተነስንሶባት ተቀበረች። መቃብር የላትም፣ ፎቶግራፍ የላትም። የአንድ ዓመት ሕፃን ትታ ነበር። ያቺ ሕፃን የእናቴ እናት ናት፤ የእናቷን ፊት ያወቀችው ከማዘጋጃ ቤቱ ደረጃ ነው። ከዚያ ወዲህ በቅዱሳን ሁሉ በዓል ቀን ሰዉ አበባውን ይዞ ወደ መቃብር ሲወጣ የእኛ ቤተሰብ ወደ ማዘጋጃ ቤት ይወጣል። ከንቲባ ቢመጣ ቢሄድ ማንም ከልክሎን አያውቅም፤ ዘበኛው ራሱ ባልዲ በውሃ ሞልቶ ያስቀምጥልናል።

አራተኛ፣ ባለሙያዎችዎ በሪፖርታቸው ጠባሳውን «ከጊዜ በኋላ ያረፈ፣ ለንግሥት ክብር የማይመጥን እድፍ» ብለው ስላነሡት አመሰግናለሁ። ለመጠየቅ ስደውል ስልኩን ያነሣችው ወጣት በጣም ጨዋ ነበረች።

«አባባ፣ ንግሥት እንዴት ጠባሳ ይኖራታል?» አለችኝ።

«ልብስ አጣቢ ናታ፣ የኔ ልጅ» አልኳት።

ወረቀቷን አገላብጣ፣ «እንደዚያ የሚል ነገር ፋይሉ ላይ የለም» አለች። እውነቷን ነው። ከእድሳቱ በፊት የተነሣ ፎቶ እንዳለ ስጠይቃት ደግሞ የተሰነጠቀው ክፈፍ እንጂ ፊቷ እንዳልተነሣ ነገረችኝ። እኛ ጋም የለም፤ «ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው» የሚለውን ማስታወቂያ ከሥዕሉ ሥር የሰቀለው ቢሮዎ ነውና ሕግ አክብረን ኖርን።

በዘንድሮው የቅዱሳን በዓል ቀን የዘጠና ሦስት ዓመቷ እናቴ ሊዮካድያ አበባዋን ታቅፋ፣ በእኔና በእህቴ በኦብዱሊያ ተደግፋ ሃያ ሁለቱን ደረጃ ወጣች። ብዙ ጊዜ ቆማ አየች። «ይቺን ሴትዮ አላውቃትም» አለች፤ «አበባውን ወደ ቤት መልሱልኝ።» አበባው ኩሽና ውስጥ ደረቀ። ክቡርነትዎ፣ እናቴ በሰው ፊት ስታለቅስ ያየሁት በዚያ ቀን ብቻ ነው፤ ያዘንኩትን ኀዘን በጨዋ ቃል ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም።

አሁን ወደ ልመናዬ። እኔ ጠባሳው ከአፏ ጥግ ነበር እላለሁ፤ ኦብዱሊያ ከዓይኗ ሥር ነበር ትላለች። ስድሳ ዓመት ያየነው ነገር ሲጠፋ እንዲህ ያደርጋል። እርግጡን የምታውቅ እናቴ ብቻ ናት። «የት ጋ ነበር፣ እማማ?» ብላት፣ «ለአንተ ብነግርህ ከእህትህ ጋር ልትጣሉበት ነው። ብሩሽ የያዘው ሰው ይምጣ፣ እኔው በጣቴ አሳየዋለሁ» አለችኝ። ስለዚህ አንድ ባለሙያ ለአንድ ከሰዓት ብቻ እንዲልኩልን፣ ዕድሜዋንም አስበው እንዲያፋጥኑልን ደጅ እጠናለሁ። ምሳውን እኛ ቤት ይበላል፤ የበግ ጥብስ ከትኩስ ዳቦ ጋር አናሳጣውም።

ከእድፍ ሁሉ የጸዳውን ክብርዎን እጅ እየነሣሁ፣ ለማየት ዓይን፣ ለመጠየቅ አንደበት እንዲሰጥዎ ከልብ የምመኝ፣ የልብስ አጣቢዋ የልጅ ልጅ ልጅ፣

ኤውቲኪዮ ሳልዳኛ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤው ፖስታ ቤት ሳይደርስ እናቴ አረፈች፤ ማክሰኞ ቀበርናት። ባለሙያዎ እንግዲህ ባይቸኩልም ይሆናል። ሥዕሉ እንደ ፈለጋችሁት ሆኗል፤ እድፍም የለበት፣ የሚያውቃትም የለ።