አንድ ቀን አልዘለለችም

አምቦ፣ መጋቢት 4 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለጉተማ ጀቤሳ፤

ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ? «እኛ ደህና ነን» ብዬ መጀመር ነበረብኝ፤ ግን ደህና አይደለንም። ስልክ አላነሳ ብትለኝ ነው በዚህ ዕድሜዬ ብዕር የያዝኩት። በአማርኛ ሆነ ብለህ አትነጫነጭ። ኦሮምኛችንን በቁቤ መጻፍ እንደማልችል ታውቃለህ፤ ማዘጋጃ ቤት ዕድሜዬን የጨረስኩት በዚሁ ፊደል ነው። ሾፌሩ ጓደኛህ ሞቲ ጭነት ይዞ አንተ ወዳለህበት ያቤሎ ስለሚመጣ በእጅህ ይሰጥሃል። ሳታነብ እንዳትቀደው። አንብበህ ስትጨርስ የፈለግከውን አድርገው።

ሚስትህ ቢፍቱ ማረፏን ሰምተሃል። ሞቲ ሲነግርህ መኪናህ ውስጥ ገብተህ በሩን ዘጋህ አሉ። አልቅሰህ ከሆነ እግዚአብሔር ያጽናህ። የጥምቀት ታቦት በገባ ማግሥት ምጥ ያዛት። ማህፀኗ በድሮው የኦፕራሲዮን ስፌት በኩል ተቀደደ አሉ። ሐኪሞቹ ልጅቷን አወጧት፤ እናቲቱን ግን ማትረፍ አልቻሉም። ወይኔ ልጄ፣ እንዲያው ምን ልበልህ።

የምጽፍልህ ግን ሞቷን ላረዳህ አይደለም። በሞቲ በኩል ለላክህብን ጥያቄ መልስ አግኝቻለሁ። «ጉደር የተመላለሰችው ለመድኃኒት ነው እንበል። ክኒን የምትውጥ ሴት እንዴት ታረግዛለች? ልጁ የእኔ አይደለም» ብለህ ነበር። አዎ ብለሃል፤ አትካድ።

የመጀመሪያ ልጃችሁ በኦፕራሲዮን ተወልዶ ሲያርፍባችሁ ሐኪሙ «ስፌቱ እስኪጠና ቢያንስ ሁለት ዓመት ጠብቁ» አላችሁ። የወሊድ መከላከያ ክኒኑንም ያን ጊዜ ጀመረች። ማታ ማታ የዜናው ሙዚቃ ሲሰማ ከእኔ ዞር ብላ ትውጣለች፤ እኔም ወደ ቴሌቪዥኑ አፈጣለሁ፣ እንዳታፍር። አንተ መንገድ ላይ ሆነህ እንኳ አታቆምም። «እሱ ድንገት ቢመጣስ?» ትላት ነበር እናትህን፣ እየሳቀች።

ኋላ አንገቷ ላይ እጢ ወጣ። በሙቀቱ ሻሽ ጠምጥማ ስትውል ፋሽን ነው ብለህ ቀልደህባታል። ቲቢ ነበር፣ ጉተማ። የእርጎ ሻጭ ቲቢ ያዛት ከተባለ ከእጇ ማን ይጠጣል? የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ሁሉ ደንበኛዋ ነው። ስለዚህ አምቦ ላይ ማንም እንዳያያት በየጠዋቱ ጉደር እየሄደች መድኃኒቱን እዚያ ትውጥ ጀመር። ለኛ «ወተት ላመጣ ነው» ትለን ነበር። ቢጫዋን ጀሪካን ይዛ ትወጣለች፤ አንዳንድ ቀን ባዶዋን ይዛት ትመለሳለች። ያየ አየ፣ ጉደር ወንድ አላት ብሎ ያወራም አወራ። ለአንተ ማን ደውሎ እንደነገረህ አልጠይቅህም። እናትህም አትጠይቀው ትለኛለች።

ክረምት ላይ ሆዷ ሲገፋ አንተ ጠፋህ። ያን ጊዜ የእጢውን ነገር እያለቀሰች ዘርግፋ ነገረችን፤ ለአንተም መልእክት ላክንልህ። የእርግዝናውን ነገር ግን እሷም ማስረዳት አልቻለችም። «አባባ፣ አንድ ቀን አልዘለልኩም። እንዴት እንደሆነ እኔም ግራ ገብቶኛል» ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። እኔም «እግዚአብሔር ያውቃል» አልኳት። ለፋሲካ መጥተህ ሰንብተህ ነበር፤ ወሩን አንተው ቁጠረው። ከዚህ በላይ ለልጁ የሚጽፍ አባት የለም።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። በልቅሶው ድንኳን ውስጥ አንዲት የማላውቃት ሴት ከሁሉም ብሳ ታለቅሳለች። «ልጄ፣ የቢፍቱ ምኗ ነሽ?» አልኳት።

«ዶርቃስ እባላለሁ፤ የጉደር ነርስ ነኝ። የቲቢ መድኃኒቷን የምሰጣት እኔ ነበርኩ፣ ኦቦ» አለችኝ።

ይሄኔ እናትህ ደረቷን እየመታች «ያ ክኒን ነው ጉድ የሠራት! በየቀኑ እየዋጠችው አረገዘች» አለች። ሲስተር ዶርቃስ ልቅሶዋን አቋረጠች።

«የምን ክኒን?»

«የወሊድ መከላከያው ነዋ! የምን ይሆናል!»

ሴትዮዋ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ የተቀየመች መስሎኝ ነበር። ከዚያ «የቲቢው መድኃኒት የክኒኑን ጉልበት ይሰብረዋል» አለችኝ። ሰውነት ክኒኑን ቶሎ ፈጭቶ ያስወጣዋል አለች፤ በሰዓቱ የዋጠችውም እንዳልዋጠች ይሆናል። ቢያውቁ ኖሮ መርፌውን ወይ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠውን ሉፕ ያስጀምሯት ነበር፤ እነዚያን አይነካቸውም አለች።

«ታዲያ አልጠየቃችኋትም?» ብዬ ጮህኩባት። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«ጠይቄያታለሁ። ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ ስላት የለም አለችኝ። የወሊድ መከላከያ ብዬ ስሙን ጠርቼ ግን አልጠየቅኳትም» አለችና መልሳ አለቀሰች።

ቢፍቱ እኮ አልዋሸቻትም። እኛ ቤት መድኃኒት የሚባለው ሲያምህ የምትውጠው ነው። ክኒን መድኃኒት ነው ብሎ ማን ያስባል? እዚህ አምቦ ክኒን የምትሰጣት ልጅ ደግሞ የእርጎ ደንበኛዋ ናት፤ እሷ ፊት በምን አፏ የእጢውን ነገር ታንሳ? አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ እየዋጠች ሁለቱ ሆዷ ውስጥ ሲጣሉ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ደግሞ የእሷ ዓይነቱ የእጢ ቲቢ ወደ ሰው አይተላለፍም አለችኝ ሲስተሯ። ለከንቱ ነው የተደበቀችው።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ቢፍቱ ይህን ሳትሰማ መሄዷ ነው። እንዳልዘለለች እያወቀች፣ ሰው አላመነኝም ብላ አንገቷን ደፍታ ሄደች። ሲስተሯ አንድ ወር ቀድማ እግሯ ቤታችን ቢረግጥ ኖሮ እላለሁ፤ ኤዲያ፣ አሁን ምን ያደርጋል።

ለሞቲም «ሚስትህ ክኒን የምትውጥ ከሆነ ሌላ መድኃኒት ሲታዘዝላት ትናገር» አልኩት። አፈረ። ይፈር።

እናትህ ሰው ማነጋገር ትታለች። ጠዋት ጠዋት የቢፍቱን ጀሪካን አውጥታ ታጥባለች። ወተት ያልነካውን ጀሪካን ትናንት አጥባው ዛሬም ታጥበዋለች። «ተይ አሰፋሽ፣ ንጹሕ ነው» ስላት አትሰማኝም። ለጉተማ ምን ልጻፍልሽ ብላት «እሱ ይምጣ እንጂ የዚያን ስልክ ነገር እግሩ ላይ ወድቄ በአፌ እነግረዋለሁ» አለች። ስትመጣ አታስጨርሳት። አንሳት።

ልጅቷ ደህና ናት። የላም ወተት አይሆናትም ብለውን የቆርቆሮውን እየገዛን ነው። ስታለቅስ ሰፈሩን ታነሳለች፤ በዚህስ ማንን እንደወጣች አውቃለሁ። ስም ግን የላትም። ቢፍቱን ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ሲያስገቧት እጄን ጨብጣ «አባባ፣ ለልጄ ስም እንዳታወጡ። ጉተማ ይምጣና ያውጣ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ድምፅዋን አልሰማሁም። እናትህ «ልጂት» ትላታለች፤ እኔ በኛው ቋንቋ «ኢንታሎ» እላታለሁ። ሰው ስሟን ሲጠይቀኝ ወሬ እቀይራለሁ።

ክርስትናዋ ሚያዝያ መግቢያ ላይ ነው። ገንዘብ አትላክ፣ ልብስ አትግዛ። ስም ይዘህ ና። ቀድመን መቃብሯ እንሄዳለን፤ ይህን የጻፍኩልህን ለእሷም አንተ ትነግራታለህ። እኔ ልነግራት ሄጄ አፈሩን አስተካክዬ ተመለስኩ።

ያኔም ካልመጣህ በእኔ ስም አስጠራታለሁ። አባቷ እኔ እሆናለሁ፤ አንተ ወንድሟ ትሆናለህ። ስታድግ ለጠየቃት ሁሉ እንደዚያ ትላለች፣ እኔም አላርማትም። ግን ሸምግያለሁ፣ ልጄ። ለሁለተኛ ጊዜ አባት ሆኜ ብዙ የምቆይላት አይመስለኝም።

መሪ የያዘ እጅህን ይባርክልኝ፤ ቁልቁለቱን በሰላም ያውርድህ፤ አምላካችን ዋቅ ደጃችን ድረስ ያድርስህ።

አባትህ
ጀቤሳ ዲንሳ