የግራ ክንድ ጠባሳ

ሰኔ 3፣ ከሰዓት

ብርዱ ገባ። ሰፈሬ ሳውዝ ሲ ሁሉ ካፖርት ለብሷል። ዛሬም ከጎረቤቴ ከጋሽ ተስፋይ ጋር ክሊኒክ ነበርኩ፣ ደብተሬ። የደም ግፊቱ ቀን ነው። ልጁ ሰናይት ከምትኖርበት ከካሳራኒ ሁለት ማታቱ ሚኒባስ ቀይራ መጣች። እዚሁ አገር ያደገች ናት፤ ስዋሂሊውን ታስተረጉምለታለች። እኔ አጃቢ። ጡረታ የወጣ ጋዜጠኛ ሌላ ምን ሥራ አለው።

የጋ.ተ. ሳንባ ደካማ ነው። አምና በዚህ ወቅት ጉንፋን ብሎ የጀመረው ሳንባ ምች ሆነና ሆስፒታል ተኛ። ኦክስጅን ላይ ነበር። ሲወጣ ዶ/ሩ ለሰናይት እንዲህ ያለው ቢደገም እንደማይችለው ነገራት። ከብርዱ በፊት የኢንፍሉዌንዛ ክትባት እንዲከተብም አዘዘ። ክትባቱን ነገረችው፤ የፊተኛውን ግን ለእኔ ብቻ።

ዛሬ ሲስተር ዋንጂኩ ግፊቱን እየለካች ተከትቦ እንደሆነ ጠየቀች። ሰናይት አስተረጎመች። አዎ አለ፣ ሳያቅማማ። ሲስተር ጻፈች፤ ቀጣዩን ጠራች። በር ላይ ተያየን። ሰናይት ከእኔ ጋር ሄዶ የተከተበ መስሏታል። እኔ ደግሞ ከእሷ ጋር።

ታዲያ ከማን ጋር?

ሰኔ 4፣ ጠዋት

ሄጄ ጠየቅኩት። ካፖርቱን አወለቀ፣ ሹራቡን አወለቀ፣ የሸሚዙን እጅጌ ጠቀለለ። ግራ ክንዱ ላይ ሳንቲም የምታክል ጠባሳ። የፈንጣጣ ክትባት። ከረን፣ ልጅ እያለ።

“መንግሥት ራሱ የከተበኝ ነው” አለኝ፣ ኮራ ብሎ።

ፈንጣጣ ከዓለም ጠፍቷል። የጋ.ተ. “አዎ” ግን ውሸት አይደለም። ተጠየቀ፣ መለሰ። ለምን በሽታ ብሎ የጠየቀው የለም።

ሰኔ 6፣ ማታ

አንድ ምንጭ ዜና አይሆንም። ኪሊማኒ፣ ያዕቆብ ምግብ ቤት፣ የእሁድ ጠረጴዛችን። ሁሉም የእኔ እኩዮች። ልክ እንደ ሲስተር ጠየቅኳቸው፦ ተከትባችኋል? ሁሉም አዎ። ማስረጃ ስል እጅጌ ተጠቀለለ። ሽሮው ቀዘቀዘ፤ ጠባሳ ሲወዳደር። ያዕቆብ የእኔ ይበልጣል አለ። የአንተስ ዘይት የፈነጠቀብህ ነው አሉት። ሳቅ።

ከልጅነቱ ወዲህ የተከተበ አንድም ሰው የለም። እኔም እጅጌዬን ጠቅልዬ እንደነበር ያስተዋልኩት ቤት ስደርስ ነው።

ሰኔ 9

ለሲስተር ዋንጂኩ ነገርኳት፣ በምሳ ሰዓት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ሳቀች፤ የራሷንም ጠባሳ አሳየችኝ። ከዚያ መዝገቧን ገለጠች። ከጻፈቻቸው “አዎ”ዎች ስንቱ እንዲህ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላውቅም። እሷም አታውቅም።

ክትባቱ የት ነው አልኳት። ፎቅ ላይ፣ ፍሪጁ ያለበት ክፍል። ሌላ ወረፋ። ታዲያ ይወጣሉ? ስል አብዛኞቹ ደረጃውን አይተው ወደ ቤት ነው አለች። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ክትባቱን በበረዶ ሳጥን አውርዳ ግፊት የምትለካበት ወንበር አጠገብ ልታስቀምጥ አሰበች። ጥያቄውንም ትለውጣለች፦ የመጨረሻው መቼ ነበር፣ ለምን በሽታ?

ይህን ያህል ቀላል ነበር? እንጃ። ማየት እፈልጋለሁ።

ሰኔ 10

ጋ.ተ. መከተቡን እምቢ አለ። ጾመ ሐዋርያት ነው፤ ሐምሌ ላይ ጾሙ ሲፈታ። ሰናይት በስልክ፦ “ባባ፣ ኢንጄክሽን እኮ ሥጋ አይደለም!” ዘጋባት።

ሌሊት በግድግዳው በኩል ሲያስል ሰማሁት። ሐምሌ ሩቅ ነው።

ሰኔ 17፣ ከሰዓት

የግፊት ቀን። ሳጥኑ ወርዷል። ሲስተር ግፊቱን ለክታ ስትጨርስ ትከተባለህ ወይ አላለችም። በስዋሂሊ፣ እንደ ተራ ነገር፦ ምዜ (አባባ ማለቷ ነው)፣ ዛሬ ግፊትና ክትባት ነው፤ የትኛው ክንድ?

ሰናይት አላስተረጎመችም። ገብቶታል። አሁን ጾም ይላል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን የአምናው ይመለሳል ወይ ብሎ ጠየቀ። ሲስተር እንዳይመለስ ነው፣ ቢመለስም እንዳይከፋ አለች። ሰናይት ይህን ስታስተረጉም ድምጿ ተሰበረ። ቀና ብሎ አያት። ዓመት ሙሉ የደበቀችውን ከፊቷ ላይ አነበበው።

ቀኝ ክንዱን ዘረጋ።

“ግራው ሥራውን ጨርሷል።”

ሲስተር ወደ እኔ ዞረች። የእኔስ የመጨረሻው መቼ ነበር? እኔ አጃቢ ነኝ፣ ሌላ ቀን፣ ሳምንት አልኳት። ጋ.ተ. ጥጡን ክንዱ ላይ እንደያዘ ሳቀብኝ።

“ጾም ነህ እንዴ?”

ተቀመጥኩ። እንደ እሱ ቀኜን ሰጠሁ።

ያው ቀን፣ ማታ

ጋ.ተ. ደህና ነው። ሾርባ ጠጥቶ ጋደም ብሏል። ሰናይት ወደ ካሳራኒ አልተመለሰችም፤ እዚያው ታድራለች። በግድግዳው በኩል ሲያወሩ ይሰማል፤ ምን እንደሚሉ አይሰማም።

ክንዴ ከበደኝ። ፊደሌ ሲንጋደድ ታያለህ፣ ደብተሬ። የምጽፍበት እጅ መሆኑን ማን አሰበ። ወስኛለሁ፦ ሰኞ የያዕቆብን ጠረጴዛ በሙሉ ይዤ ክሊኒክ እሄዳለሁ። ግራችሁን ስጡ እላቸዋለሁ፣ ጠባሳ ያለበትን፣ ምክንያቱም ቀኙ… በቃ፣ ክንዴ እምቢ አለ፤ ነገ እጨርሰዋለሁ።