በእኔ ስም የተመረመረው ሽንት

ልጄ፣ የዓይኔ ብርሃን፣ ፈጣሪ በሄድሽበት ሁሉ ቀድሞ ይጠብቅሽ። እንደምን ሰነበትሽ? የጓዳው ቧንቧ ተሠርቶልናል፤ ወንድምሽም ሥራ ይዟል።

«የደም ግፊት ስላለብሽ ኩላሊትሽን ተመርመሪ» ብለሽ የነዘነዝሽኝ የሽንት ምርመራ ተደርጓል። ሽንቱ ግን የእኔ አይደለም። ውጤቱ ቢከፋ ትምህርትሽን ጥለሽ ትመጫለሽ ብዬ ፈራሁና የሽንቱን ዕቃ ለአባትሽ ሰጠሁት። «እኔ እንደሆንኩ ድንጋይ ነኝ፤ በእኔ ታልፊያለሽ» ብሎ እየሳቀ ሞላልኝ።

የላቦራቶሪዋ ልጅ ወረቀቱን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። «እማማ፣ ፕሮቲን በብዛት አለው። ኩላሊት ሲጎዳ እንዲህ ይሆናል። ምርመራው ይደገምና ሐኪም ይይዎት፤ ጨውም ይቀንሱ» አለችኝ። አይዞዎት እያለች ትከሻዬን ስትዳብሰኝ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ቤት ስገባ አባትሽ «አለፍን?» አለኝ። «አለፍን» አልኩት። ምነው አፌን በቆረጠው! ከዚያ ወዲህ ምግቡን ያለ ጨው እየሠራሁ አቀርብለታለሁ። «ዘንድሮ እጅሽን ምን ነካው?» ይላል፤ እንዳይከፋኝ ብሎ ግን ሳህኑን ጥርግ አድርጎ ይበላል። ዝም ባልኩ ቁጥር እሱን የምጎዳው እኔ ነኝ።

እባክሽ፣ ይህ እንደደረሰሽ ደውዪና ስልኩ ላይ ቆዪልኝ። አንቺ እየሰማሽ እነግረዋለሁ፤ ብቻዬን አቅም አጣሁ። «ሐኪም ቤት ሂድ» ስትዪው ደግሞ ያንቺን ቃል አይጥልም።

ክፉ አይንካሽ፤ የያዝሽው ይለምልምልሽ። በዚህኛው ዙር እኔም የራሴን ሽንት ይዤ ከጎኑ እሰለፋለሁ።

እናትሽ