የሰሜኑ ክዳን

ማክሰኞ፣ ጁን 4 ቀን 2019

ውድ ወንድሜ ቶአደር፣

ከማለዳ ጀምሮ ሲያካፋ ቆይቶ እኩለ ቀን ላይ አባራ። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የነበርነው አባ ሉፑ፣ ጋሼ ግሪጎሬና እኔ ነን። አንተ ጣሊያን አገር ነህ፤ ስምህ ግን ሲጠራ ዋለ።

በተፈለጠ የጥድ ሳንቃ የተከደነው ጣሪያ በደቡብ በኩል በስብሶ ውሃው በግድግዳው ሥዕሎች ላይ መውረድ ጀምሯል። አባ ሉፑ «ፓላጊያ፣ ለወንድምሽ ጻፊለትና ይምጣ» አሉኝ። «እሱ ሳንቃውን የፈለጠለት የሰሜኑ ክዳን ሠላሳ ዓመት ጠብታ አላሳለፈም። ካልመጣ ቆርቆሮ እናለብሳለን።»

ቆርቆሮ! አባባ ቢሰማ ከመቃብሩ ይነሳ ነበር።

አባባ ሙያውን ያስተማረው አንተን ነው። እኔ የጣላችኋቸውን ቁርጥራጮች እየለቀምኩ፣ ጥድ በገዛ መስመሩ ሲሰነጠቅ ውሃ እንደማይጠጣ፣ በመጋዝ ሲቆረጥ ግን እንደሚጠጣ ብቻዬን ደረስኩበት። አንተ እጅህን በመጥረቢያ ያቆሰልክ ጊዜ፣ የሰሜኑን ሳንቃዎች በሙሉ የፈለጥኩት እኔ የአሥራ ሰባት ዓመቷ ነኝ። ሴት ፈለጠችው እንዳይባል አባባ ደበቀው። መንደሩ ሲያመሰግንህ ዝም አልክ፤ እኔም ዝም አልኩ። አልተቀየምኩህም ብል እዋሻለሁ።

ዛሬ ግን «የሰሜኑ የእኔ ሥራ ነው» አልኩ።

ጋሼ ግሪጎሬ ሳቁ። «አንቺ? ብርጭቆ እንኳ ድምፅ አሰምተሽ የማታስቀምጪው!»

«ይውጡና ይዩት። ቶአደር የሚሠራው በቀኙ ነው፤ እኔ ግራኝ ነኝ። የሳንቃዎቹ ጠርዝ ወዴት እንደተላገ ይመልከቱ።»

የድሮ አናጢ አይደሉ፣ በሰባ ሁለት ዓመታቸው መሰላሉን ወጡ። ብዙ ቆዩ።

«አባ» አሉ ከላይ፣ «ሁሉም በግራ እጅ የተላገ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ አጎንብሰው፣ «አንቺ ልጅ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምን ዘጋሽ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

አባ ሉፑ «ቆርቆሮው ይቅር» አሉ። «ምን ያስፈልግሻል?»

«ጥሩ ጥድ፣ ደግሞም ሳንቃ የሚያቀብለኝ ሰው።»

«እኔው አቀብላታለሁ» አሉ ጋሼ ግሪጎሬ፤ «ብቻ እንደ ሚስቴ እንዳትጮህብኝ።»

ስለዚህ ወንድሜ፣ ለሥራ አትምጣ። ኦገስት ላይ ለማርያም በዓል እንግዳ ሆነህ ና፤ የበቆሎ ገንፎ በአይብ አበላሃለሁ። ሰው ስለ ሰሜኑ ክዳን ሲያነሳብህ ግን እውነቱን አንተው በአፍህ ትናገራለህ።

እህትህ ፓላጊያ

ረቡዕ ጠዋት፦ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሳሁ። ሰማዩ ጠርቷል። የአባባን መጥረቢያ ሳልኩ፤ እጀታው ላይ የተቀረጸውን ስምህን አልፋቅኩትም። አንድ የጥድ ጉማጅ አቁሜ በግራ እጄ መታሁት። ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ ተከፈለ። የደቡቡ ጣሪያ ስድስት ሺህ ሳንቃ ይፈልጋል። ሁለተኛውን ጉማጅ አቆምኩ።