ከማማ የወረድኩበት ሳምንት

ሰኞ

እኔ አልወደቅኩም፤ ማማው ነው ከነእኔ የወረደ። ይህን ለሚስቴ ለይታይሽ ከትናንት ጀምሮ እያስረዳኋት ነው። እሷ ግን ወገቤን በቅቤ እያሸች ትስቃለች። «ስንት ክረምት የቆመ ማማ፣ አንተ ስትወጣበት ነው የወረደ?» ትላለች።

ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም። ከርከሮው የታችኛውን የድንች ማሳ ግማሹን አርሶታል። እንደሱ ጠልቆ የሚያርስ በሬ ቢኖረኝ እስካሁን ማርቆስ ላይ ፎቅ ነበረኝ። የቀረውንም ከጨረሰው የምንበላው ቀርቶ ለዘር የምናስቀረው አይኖርም። ይታይሽ ማታ ማታ ወደ ማሳው ታያለች። ያኔ አትስቅም።

እኔ ደግሞ ቅዳሜ ማኅበር ላይ ጠላው ሞቅ ሲያደርገኝ ተነሥቼ «እስከሚመጣው እሑድ ይህን ከርከሮ ካልጣልኩ ሙላት አትበሉኝ» ብያለሁ። ቄሱ ሳይቀሩ ሰምተዋል።

ጠመንጃ አይተኮስም። በዚህ ጊዜ የጥይት ድምፅ ሰምቶ ተረጋግቶ ጉርሻውን የሚውጥ ሰው የለም፤ ለአውሬ ብለን አንተኩስም ተባብለናል። ያለው ጦር ነው። የአባቴ ጦር አለችኝ።

ስለዚህ ወሰንኩ። ማማ ይቅር፣ መሬት ላይ ተቀምጬ አደፍጣለሁ። ሉማሜ ሻይ ቤት አንድ ሹፌር በስልኩ የፈረንጅ አዳኞች አሳይቶኛል። መደገፊያ ያለው ወንበር መሬት ላይ ዘርግተው፣ እግራቸውን አንፈራጠው፣ እንደ ሚዜ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። አውሬው ራሱ መጥቶ ይሞትላቸዋል። እኔ ከነሱ በምን አንሳለሁ?

ይህን የምጽፈው የማታ ትምህርት መምህራችን ፊደሉ እንዳይጠፋችሁ የዋላችሁበትን ጻፉ ስላለን ነው። ከክፍሉ ፈጥኖ ያነበበ እኔ ነኝ። አጠገቤ የሚቀመጡት እማሆይ ምስክር ናቸው፤ ዓይናቸው ደከም ቢልም።

ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ መቀመጫ ስመርጥ ዋልኩ።

በርጩማ። መሬቱ ዝናብ የጠገበ ነው። ገና ከመቀመጤ አንደኛው እግር ሰመጠና በጎኔ ተጋደምኩ። ከርከሮው ቢያየኝ በሳቅ ነበር የሚሞት።

ጀሪካን። ከፍታው ደህና ነው። ግን ባዶ ጀሪካን ላይ የሚቁነጠነጥ ሰው ከበሮ መቺ ነው።

የመኪና ጎማ። አቤት ምቾቱ! ችግሩ መነሣት ነው። ይታይሽ ናት በሁለት እጇ ጎትታ ያወጣችኝ። ጦር ወርዋሪ ቶሎ ካልተነሣ ምን ይሠራል?

በመጨረሻ አገኘሁት። የማዳበሪያ ጆንያ ጭድ ጠቅጥቄ ሞላሁ፣ አፉን ሰፋሁ፣ አጎዛ ደረብኩበት። ከማሳው ዳር ያለውን የባሕር ዛፍ ጉቶ ለጀርባዬ አደረግኩ። ድምፅ የለው፣ አይሰምጥ፣ አይቀዘቅዝ። ወገቤ የሚያመኝ በግራ ስለሆነ ወደ ቀኝ ዘንበል ስል እቅፍ አድርጎ ይይዘኛል። ፈረንጅ እንዲህ ያለ ወንበር የለውም።

ጫማ፦ ቦቲው ሲራመዱበት ይጮኻል፤ ኮንጎ ይሻላል። ስንቅ፦ ቆሎ አይሆንም፤ ሲቆረጠም አገር ይሰማል። ዳቦ ያዝኩ። ልብስ ላይ ከይታይሽ ጋር ተከራከርን።

«ጋቢህን ልበስ» አለችኝ።

«ነጭ ነው፤ ከርከሮው ከሩቅ ያየኛል።»

«ሰውም ያይሃል። ሰው ቢያይህ አይሻልም?»

«ሰው ላድን ነው እንዴ የምሄድ?» አልኳትና የአባቴን ጥቁር በርኖስ አወረድኩ። እሱን ደርቤ ስቀመጥ ከጉቶው አልለይም። ራሴን ከሩቅ ባየው አላውቀውም ነበር።

ረቡዕ

ዛሬ ማለዳና ማታ ተቀመጥኩ። ከርከሮው አልመጣም። ግን ትናንት ያልነበረ ኮቴ አይቻለሁ፤ አካባቢው ነው።

አንድ ነገር ልጻፍ። ማሳ የምንጠብቅ ሰዎች ጨለምለም ሲልና ጎህ ሲቀድ ከየማማችን እንጠራራለን። ከጅረቱ ማዶ ያለው ማማ የይርሳው ነው። ይርሳው አበልጄ ነው፤ ትንሹን ልጄን ክርስትና ያነሣ እሱ ነው። «አለህ?» ይላል፤ «አለሁ!» እላለሁ። ከዚያ እሱ ለሚቀጥለው ይጮኻል። ከአባቶቻችን ጀምሮ እንዲህ ነው። ሌባም አውሬም ይሸሻል፣ ሰውም ሰው የት እንዳለ ያውቃል።

ዛሬ ማታ ይርሳው ጠራኝ። አልመለስኩም። አዳኝ አይጮኽም፤ የስልኩ ፈረንጆች ሲጮኹ አላየሁም። ደጋግሞ ጠራኝ። በርኖሴ ውስጥ ሆኜ ሳቅሁ።

ስመለስ ድልድዩ ላይ አገኘሁት። በርኖሱንና ጦሩን ሸሽጌ፣ ወገቤን ላፍታታ ብቅ ያልኩ መስዬ ነበር።

«አበልጅ፣ ጠራሁህ እኮ። የት ነበርክ?»

«ቤት። ወገቤ አላስቆም ብሎኝ ሰሞኑን ማሳ አልወርድም።»

«እግዜር ይማርህ። በቃ አንተ ተኛ፤ ያንተንም ማሳ እኔ አይልሃለሁ» አለኝ።

ደስ አላለኝም፤ ግን እውነቱን ብነግረው እሱም ከማማ ወርዶ ከርከሮውን ቀድሞኝ ይጥልና ዝናው የሱ ይሆናል። ጦር ሲወረውር አይስትም፤ እኔም አልስትም ግን እሱ በእውነት አይስትም።

ሐሙስ

ዛሬ ፊደሉ የዶሮ ጭረት መስሏል።

ሳይነጋ ገብቼ ተቀመጥኩ። ብርድ ነበር። መቀመጫው ሞቀኝ። በርኖሱን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩት። ከዚያ የማውቀው ነገር የለም። አዳኙ ሙላት እንቅልፍ ወስዶታል።

የሆነ ነገር ሽው አለ። ጆንያው ከሥሬ ዘለለ። ዓይኔን ስገልጥ በግራ ብብቴ ሥር እንጨት በቅሏል። የጦር እንጨት። ገና ይወዛወዛል። ብረቱ በርኖሱን በስቶ ጭዱ ውስጥ ጠፍቷል። ልነሣ ስል አልነሣም፤ ከመቀመጫዬ ጋር ተሰፍቻለሁ።

ከታች አንድ ሰው ዱላ ይዞ እየሮጠ መጣ። «አገኘሁት! አገኘሁት!» ይላል። ሊጨርሰኝ ነው። ድምፁን አወቅኩት።

«ይርሳው» አልኩ። ድምፄ ከእኔ የወጣ አይመስልም።

ቆመ። ዱላው ከእጁ ወደቀ። ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ደረቴን፣ ሆዴን፣ ጎኔን ይዳስስ ጀመር። መዳፉን ያያል፣ ደግሞ ይዳስሳል፣ ደግሞ ያያል። ደም ነው የሚፈልገው። አልነካኝም ብለው አይሰማም።

«ያንኮራፋ ነበር» አለ መጨረሻ ላይ። «ጥቁር ነገር፣ መሬት ላይ፣ ያንኮራፋል። ጠርቼህ የለህም። ቤት ነኝ ብለኸኛል።»

ጦሩን አልነቀለም። ጥሎት ሄደ።

ወደ ቀኝ ዘንበል ያልኩት በወገቤ ምክንያት ነው። ማማው ባይጥለኝ ቀጥ ብዬ እቀመጥ ነበር። ቀጥ ብዬ ብቀመጥ ጦሩ መሐል ደረቴ ነበር።

ለይታይሽ እያሳቅሁ ልነግራት ሞከርኩ፤ ከርከሮ መስዬ ልገደል ነበር አልኳት። አልሳቀችም። በርኖሱን አነሣች፣ ጣቷን በቀዳዳው አስገባች፣ እዚያው ቁጭ አለች።

ዓርብ

ትናንት ያልገባኝ ዛሬ ገባኝ። እኔ ብሞት እኔ አርፌአለሁ። ይርሳው ግን ባለ ደም ይሆናል። ቤቱን ጥሎ በረሃ ይወርዳል። ወንድሞቼ «ሳያውቅ ነው» ቢባሉ ይሰሙ ይሆን? እንጃ፤ አውቃቸዋለሁ። ልጄ አባቱን የገደለው የክርስትና አባቱ ነው እየተባለ ያድጋል። ይህ ሁሉ ለአንድ ከርከሮ፣ ደግሞ ለአንድ ሳምንት ወሬ።

ሌሊት ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ጎኔን ዳሰስኩ። እንደ ይርሳው።

ማታ ጥሪውን ጠበቅሁ። ከማዶ ድምፅ የለም። ይርሳው ማማው ላይ አልወጣም። ጥሪው እሱ ጋ ተቆርጦ የላይኞቹም ዝም አሉ። አገሩ ሰው የሌለበት ይመስላል።

ቅዳሜ

ጧት ማሳው ወርጄ ጦሩን ነቀልኩ። ከርከሮው በሌለሁበት መጥቷል። ጆንያዬን ዘርግፎ ጭዱን በትኖታል፣ የተቀመጥኩበትን መሬት ሳይቀር ቆፍሮታል። አጎዛው ላይ ምን እንዳደረገበት አልጽፍም።

ጦሩን ይዤ ይርሳው ቤት ሄድኩ። ሚስቱ በር ላይ «ከሐሙስ ወዲህ እህል አልቀመሰም፣ እስኪ አንተ ንገረው» አለችኝ። መደብ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል።

«አበልጅ፣ ጦርህን አመጣሁልህ።»

«አልፈልገውም። ውሰደው።»

«ምን ላድርገው?»

«ስበረው። ልጅህን ያቀፍኩበት እጅ ነው የወረወረ።»

የማሾፍ ቃል ፈለግኩ። ትቼው መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«የወረወርክ አንተ ነህ» አልኩት፤ «ቤት ነኝ ብዬ የዋሸሁ ግን እኔ ነኝ። ከርከሮውን ትቀድመኛለህ ብዬ። ስትጠራኝ እሰማህ ነበር። እየሳቅሁ ነበር።»

ዞሮ አየኝ።

«ትሰማኝ ነበር?»

«እሰማህ ነበር።»

«ሂድ ከቤቴ» አለ። ጮክ ብሎም አይደለም።

ጦሩን በሩ ሥር አቁሜው ወጣሁ። ሚስቱ ቀና ብላ አላየችኝም።

እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ሰዎች ከበቡኝ። «ሙላት፣ ከርከሮውስ?» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ ሙላት አትበሉኝ፤ ሌላ ስም አውጡልኝ» አልኳቸው። ሳቁ። የሆነውን አላወቁም፤ ይርሳው ለማንም አልተናገረም። እሱ ከቤተ ክርስቲያን ቀርቷል።

ከሰዓት ብቻዬን ማማውን አቆምኩ። ሰንበት ቢሆንም ይህ ሥራ አይደለም፤ ያለ ማማ እንዳይመሽብኝ ነው፤ እግዜር ያውቃል። መወጣጫውን አጠበቅሁ። ይታይሽ ሳልጠይቃት ነጩን ጋቢ አመጣችልኝ። ለበስኩት። ከላይ ሆኜ ሳየው ከታችኛው ማሳ የቀረው ድንች ብዙ አይደለም፤ ለዘር ከበቃ ጥሩ ነው።

የማማው ወለል እንጨት ነው፤ ይቆረቁራል። ወገቤን ወጋኝ። ጭድ እንኳ አላነጠፍኩበትም።

ፀሐይዋ ስትገባ ወደ ማዶ ዞርኩ። የመጥራት ተራው የሱ ነው፤ ሁልጊዜ እሱ ነው የሚጀምር። ጠበቅሁ። የለም። ስለዚህ እኔ ጮኽኩ።

«ይርሳው! አለሁ!»

ጋቢዬን አውለበለብኩ።

«እዚህ ማማው ላይ ነኝ! ነጭ ለብሻለሁ! አለሁ!»

ውሻ ጮኸ። የጅረቱ ድምፅ ብቻ። መውረድ አሰብኩ፤ ደግሞ ትንሽ ልቆይ አልኩ።

ከማዶ ማማ ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። ሳል ሰማሁ፤ የሱ ሳል ነው። ከዚያ ቀጭን፣ የደከመ ድምፅ መጣ።

«አለህ?»

«አለሁ!» አልኩ። እስኪሰለቸው ደጋገምኩት።

«ሰማሁ፣ ሰማሁ» አለና ፊቱን ወደ ላይኞቹ አዙሮ መጥራት ጀመረ።