ማዘርቦርዱን የመረጥሁት እኔ ነኝ

ወለላ፣

ኮምፒውተሩን እንዳታበሪው። የማራገቢያውን ገመድ ገና አልሰካሁትም፤ ፕሮሰሰሩ ይቃጠልብሻል። የት እንደሚሰካ እጮኛሽን አዘዘን ጠይቂው።

ትናንት ለጓደኞችሽ «አዘዘ ነው መርጦ የገጣጠመልኝ» ስትዪ ሻይ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አዘዘ የመረጠው መብራት የሚያብለጨልጨውን ሳጥን ብቻ ነው! ዛሬ በርካሹ ፕሮሰሰር ሠርቶ ነገ ጠንካራውን የሚቀበል ማዘርቦርድ ፍለጋ ባሕር ዳርን ያዳረስሁት እኔ ነኝ። ያገለገለውን ግራፊክስ ካርድ ከሻጩ ቤት ቁጭ ብዬ፣ ጨዋታ ከፍቼ የሞከርሁትም እኔው ነኝ። «ሁለታችን እንጫወትበታለን» ስላልሽኝ ነው።

ለሁለተኛ ራም ክፍት ቦታ ትቼልሻለሁ። ኤሌክትሪኩን የሚያድለው ፓወር ሰፕላይ ወደፊት ለምትገዢው ትልቅ ካርድም ይበቃል፤ ማንም ቢመክርሽ በርካሽ እንዳትቀይሪው።

ትናንት እንግዳ ፊት «የሠራሁት እኔ ነኝ» ብዬ መጮኼ ነውር ነበር። ያልሁት ግን አንዱም ሐሰት አልነበረም።

ወጡን አሙቂው፣ ያድራል ብለሽ አትተዪው።

እናቴ ዘንድ ሐሙሲት ሄጃለሁ። አትደውዪልኝ። አከራያችን እማማ እናትዓለም የት ሄደች ካሉሽ ይህንኑ ንገሪያቸው። ለምን ካሉሽ ግን መልሱ ያንቺ ነው።

ሥርጉት